የማን ጓሮ ነው?

ወጣቶች ሆይ፣ ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስትጓዙ ሴቶች ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠሩትን፣ በግመል የሚጫነውን የአፋር ቤት ታያላችሁ። አጥርና አትክልት ስለሌለው "ጓሮ የለውም" አትበሉ። ጓሮው የአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ነበር፤ ዝናብ ሲጠፋ ከብቱም ፍየሉም የሚተርፈው በዚያ ሣር ነው።

በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ብዙው የግጦሽ ዳርቻ የጥጥ እርሻ ሆነ። ተንዳሆን የእንግሊዙ ኩባንያ ሚቼል ኮትስ አለማው። በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ መንጋው መሸሻ አጣ፤ ከብት አለቀ፣ ሰውም በረሃብ ረገፈ።

1ኛ ነገሥት 21ን አንብቡ። አክዓብም የናቡቴን የአባቶች ርስት የፈለገው ለአትክልት ቦታ ነበር። ማረስ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን "ባዶ መሬት" ሲባል ስትሰሙ፣ የማን ጓሮ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።