ጎንበስ ቀና፦ ከበሮ ሲመታ ቤዙ የት ይሄዳል?

በሙዚቃ ቅንብር ቤት «ዳኪንግ» የሚባል ቃል አለ። አንዱ ድምፅ ሲመታ ሌላው ለቅጽበት ዝቅ ብሎ ያሳልፈውና ወደ ቦታው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚመታው በእግር የሚረገጠው ከበሮ፣ ኪክ ነው፤ የሚያሳልፈው ቤዝ ጊታር። ሁለቱም ከ50 እስከ 100 ሄርዝ ባለው ወፍራም ክልል ስለሚገናኙ ይጋፋሉ።

«ዝቅታ» ብንለው መመለሱ ይቀራል። እኔ «ጎንበስ ቀና» እላለሁ። እንግዳ ስናስተናግድ የምንለው ነው፤ ማጎንበሱም ቀና ማለቱም አብረው አሉበት። ጎንበስ የሚያሰኘውን ድምፅ «አዛዥ» እንበለው።

ቤዙ ያለቦታው ሲያጎነብስ ምን እንደሚጎዳ በአምባሰል ቅኝት እንየው፤ ቅኝቱ የሚጠራው በአገሩ በአምባሰል ስም ነው። በዚህ ቅኝት ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል። ያን ሆድ የሚያባባ ጠባዩን የምሰማው እዚህ ቅርበት ላይ ነው። ቅርበቱ የሚሰማው ግን መነሻው ጸንቶ ሲቆም ነው። መነሻውን የያዘው ቤዝ ያለቦታው ካጎነበሰ ዘፋኙ መሬት የለቀቀ ይመስላል።

ስለዚህ ቤዙ ሲዋዥቅ መጀመሪያ የምጠረጥረው አዛዡን ነው። በኪኩ ፋንታ የቆዳ ከበሮ ተቀርጾ ከሆነ ማይክሮፎኑ ጭብጨባውንም፣ እልልታውንም፣ የከበሮውን ትንሹን አፍ ምትም ይዟል። ቤዙን ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ኮምፕረሰሩ፣ ለይቶ አያውቅም፤ ለጭብጨባውም ቤዙን ያስጎነብሳል። መፍትሔው የከበሮውን ቅጂ ለብቻው አውጥቶ፣ ከፍ ያለውን ድምፅ በማጣሪያ ቆርጦ፣ ወፍራሙን ብቻ ለኮምፕረሰሩ መስጠት ነው። ቅጂው ወደ አድማጭ አይሄድም፤ የሚሰማው ከበሮ እንዳለ ይቆያል። ማጣሪያውን ከማመንዎ በፊት ቅጂውን ብቻውን ያዳምጡት። «ድም» ብቻ ከቀረ ደህና ነው። «ታ» ከተሰማ ማጣሪያውን ወደ ታች ያውርዱት።

አዛዡ ንጹሕ ሆኖም ቤዙ ከጠፋ ችግሩ የቀና ማለቱ ጊዜ ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ጭፈራ ከምት እስከ ምት 500 ሚሊሰከንድ አለ። በጭክጭካ ግን ምቱ ለሦስት ስለሚከፈል አጭሯ ክፍል ወደ 167 ትወርዳለች። ከበሮው በዚያች ክፍተት ከደገመና ቀና ማለቱ 250 ከፈጀ፣ ቤዙ ሳይነሣ እንደገና ያጎነብሳል። ሰው ይህን ቶሎ አይጠረጥርም፤ የቤዙን ድምፅ ይጨምርና ግፊያውን ያባብሰዋል።

መስከረም 21 ቀን አምባሰል ውስጥ ባለችው በግሸን በዓል ላይ ማኅሌት የሚቀርጽ ሰው ግን ጎንበስ ቀናን ባይነካው እመርጣለሁ። ማኅሌት በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮው ቆይቶ ነው የሚገባው። ምቱ ሲጠነክር ድምፃቸውን የት እንደሚያነሡ መዘምራኑ ያውቁታል። ማይክሮፎኑን ከከበሮው አርቆ ወደ እነሱ ማቅረብ ይበቃል።