ያልተጠበቀ ከፍተኛ የመብራት ሂሳብ፤ መነሻዎቹና የማጣሪያ መንገዶቹ

አዳማ በኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የተከበበች ከተማ ናት። በቅርብ ርቀት የሚገኘው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 43 ነጥብ 2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ከእርሱ በታች አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት ተከትለው ተገንብተዋል። በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኙት ከፍታዎችም ላይ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድ በ2004 ዓ.ም.፣ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ለሥራ በቅተዋል። ይሁን እንጂ ማመንጫው በደጅ መኖሩ የቤት ሂሳብን አያቀልም። ታሪፉ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚወሰን በመሆኑ የአዳማ፣ የሞጆ ወይም የባቱ ነዋሪ የሚከፍለው በሌሎች ከተሞች የሚገኘው ደንበኛ በሚከፍልበት ስሌት ነው።

የኃይል ማመንጨቱና የሽያጩ ሥራም በአንድ ተቋም ሥር አይደለም። ቀድሞ ሁለቱን አጣምሮ ይዞ የነበረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ስርጭቱና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጥቷል። ስለዚህ የቆጣሪና የሂሳብ ጉዳይ ተጠሪው አገልግሎቱ ነው።

በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ የመብራት ሂሳብ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆኖ መምጣቱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ካልተከፈለ አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ከተከፈለ ደግሞ ለቤት ኪራይ ወይም ለአስቤዛ የተያዘው ገንዘብ ይጎድላል። በዚህ ጊዜ ደንበኛው ወደ አገልግሎት መስጫ ማዕከል ሄዶ የሚያቀርበው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ በብር ላይ የተመሠረተ ነው፤ “ባለፈው ወር ይህን ያህል ከፍዬ ነበር፣ አሁን ይህን ያህል መጣብኝ” የሚል ነው። ብሩ ግን ብቻውን ምንም አያስረዳም። አቤት ባዩም ሆነ አቤቱታውን የሚቀበለው ሠራተኛ በመጀመሪያ ሊያዩት የሚገባው የኪሎ ዋት ሰዓቱን መጠን፣ የቀድሞውንና የአሁኑን የቆጣሪ ንባብ፣ እንዲሁም በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለፉትን ቀናት ብዛት ነው።

ይህ ልዩነት በተለይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ አስፈላጊነቱ ጎልቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የታሪፍ ማሻሻያ በ4 ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ፣ በየ3 ወሩ እየተስተካከለ የሚተገበር በመሆኑ የኪሎ ዋት ሰዓቱ መጠን ሳይለወጥ ብሩ ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ይህ ቢያስከፋም የሂሳብ ስህተት አይደለም፤ በቆጣሪ ምርመራም አይፈታም። ኪሎ ዋት ሰዓቱ ራሱ ያለ ምክንያት ካሻቀበ ግን መነሻው ሌላ ነው።

ከመነሻዎቹ ሁሉ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰውና ብዙ ጊዜም የማይስተዋለው የተጠራቀመ ንባብ ነው። ቆጣሪው በግቢ ውስጥ ሆኖ በሩ ተዘግቶ ሲገኝ፣ ወይም አንባቢው በወቅቱ ሳይደርስ ሲቀር ሂሳቡ በግምት ይሠራል ወይም ይዘለላል። ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ትክክለኛው ንባብ ሲወሰድ የከረመው ፍጆታ በሙሉ በአንድ ወር ላይ ይወድቃል። ሰዎች “ያው የተጠቀምኩትን ነው የምከፍለው” ብለው ሊያልፉት ይችላሉ፤ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት በመሆኑ የተጠራቀመው ፍጆታ ደንበኛውን ወደ ከፍተኛው እርከን ይገፋዋል።

ይህን በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2011 ዓ.ም. በሠራው ታሪፍ ማሳየት ይቻላል። በዚያ ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው 27 ነጥብ 3 ሳንቲም፣ ቀጣዮቹ 50 ደግሞ 35 ነጥብ 64 ሳንቲም ነበሩ። ከ101 እስከ 200 ያለው 49 ነጥብ 93 ሳንቲም፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 55 ሳንቲም ይከፈልበት ነበር። በወር 100 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት የአገልግሎት ክፍያን ሳይጨምር 31 ብር ከ47 ሳንቲም፣ በ3 ወር 94 ብር ከ41 ሳንቲም ይከፍላል ማለት ነው። ያው 300 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደ አንድ ወር ፍጆታ ተቆጥሮ ከተሰላ ግን ሂሳቡ 136 ብር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። የ42 ብር ያህል ልዩነት የመጣው ቤተሰቡ አንድ አምፖል እንኳ ሳይጨምር ነው።

በዚያ ታሪፍ በመጀመሪያውና ከ500 በላይ ባለው የመጨረሻ እርከን መካከል የነበረው ልዩነት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የተጀመረው ማሻሻያ በ2014 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ዝቅተኛው እርከን በነበረበት 27 ነጥብ 3 ሳንቲም ሲቆይ ከፍተኛው 2 ብር ከ48 ነጥብ 1 ሳንቲም ደረሰ፤ ልዩነቱም 9 እጥፍ ሆነ። አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ተጠቃሚዎች ለመደጎም የታሰበው ይህ አሠራር ንባቡ በየወሩ ካልተወሰደ በእነዚያው ሰዎች ላይ መልሶ ይጫናል። ከዚህም በላይ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት በተዘረጋው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሥርዓት ወርሃዊ ፍጆታቸው ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ቤቶች ታክስ የሚከፍሉ በመሆኑ የንባብ መጠራቀም ዳፋው እስከ ታክስ ድረስ ይዘልቃል።

እንዲህ ያለው ሂሳብ ሲያጋጥም ተገቢው ጥያቄ “ይቀነስልኝ” የሚል ሳይሆን ፍጆታው በተጠራቀመባቸው ወራት ተከፋፍሎ በየወሩ እርከን እንደገና ይሰላ የሚል ነው። ለዚህም ያለፉት 6 ወራት ሂሳቦችና የቆጣሪው የዛሬ ንባብ ከነቀኑ ቢቀርቡ ጉዳዩን ለመወሰን ይረዳሉ። ቁጥሩን በየወሩ መጀመሪያ በሞባይል ስልክ ፎቶግራፍ አንስቶ ማስቀመጥ ወጪ የሌለው ማስረጃ ነው። በሌሎች አገሮችም ይህ ችግር ሕግ እስከማስወጣት ደርሷል። በብሪታንያ ኦፍጌም የተባለው የኢነርጂ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አቅራቢዎች በራሳቸው ጥፋት ሳይጠይቁ ያሳለፉትንና ከ12 ወራት በፊት የነበረ የመኖሪያ ቤት ፍጆታ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዳያስከፍሉ ከልክሏል።

ሁለተኛው መነሻ የጋራ ቆጣሪ ነው። በአዳማም ሆነ በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች ከአከራዩ ጋር በአንድ ቆጣሪ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። እያንዳንዳቸው በወር 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀሙ 5 አባወራዎች ለየብቻ ቢቆጠርላቸው በዝቅተኛው እርከን ዙሪያ ይቆዩ ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን 300 ይሆናሉ። አከራይና ተከራይ በየወሩ የሚጨቃጨቁበት ሂሳብ ብዙ ጊዜ የማንም ብክነት ውጤት አይደለም። ዘላቂው መፍትሔ የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ነው።

የቤቱ እውነተኛ ፍጆታም መታየት አለበት። ከቤት ዕቃዎች ሁሉ እንደ እንጀራ ምጣድ ኃይል የሚስብ የለም ማለት ይቻላል። 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ የሚወስድ ምጣድ በሳምንት 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ በወር 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ዝቅተኛውን የ50 ኪሎ ዋት ሰዓት እርከን ለብቻው ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። ሠርግ፣ ለቅሶ ወይም ክርስትና ያለበት ወር ከሌላው ወር ጋር መነጻጸር የለበትም። የአዳማ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው፤ በበጋው ማብቂያ ላይ ማቀዝቀዣዎች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፣ የበር ላስቲካቸው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ቬንትሌተር በአንጻሩ በስሙ የሚከሰሰውን ያህል አይፈጅም። ከ50 እስከ 75 ዋት የሚወስድ በመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ እንኳ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም።

የውስጥ መስመር ብልሽትን ለመለየት ባለሙያ ሳይጠራ የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና ማጥፊያ አጥፍቶ ቆጣሪውን መመልከት ነው። ዲስኩ መዞሩን ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ከቀጠለ ቆጣሪው ራሱ ችግር አለበት፣ ወይም ከማጥፊያው በፊት የተቀጠለ ሌላ መስመር አለ። ማጥፊያው ሲጠፋ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ዕቃዎች ሁሉ ከሶኬት ተነቅለው፣ አምፖሎች ጠፍተው ዋናው እንደገና ይበራል። በዚህ ጊዜ ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ በቤቱ መስመር ኃይል ወደ መሬት እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ከገንዘቡ ይልቅ ለሕይወት አስጊ ነው። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይውል ሳያድር መጠራት ይኖርበታል። የቆጣሪውን ሽፋን ከፍቶ መነካካት ግን አደገኛ ከመሆኑም ሌላ በሕግ ያስጠይቃል።

ንባቡ ራሱ የተሳሳተባቸው አጋጣሚዎችም አሉ። በሂሳቡ ላይ ያለው የቆጣሪ ቁጥር በቤቱ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ የአሁኑ ንባብም ዛሬ ከሚታየው ያልበለጠ መሆኑን ማመሳከር የደቂቃዎች ሥራ ነው። በአንዳንድ የቀድሞ ቆጣሪዎች ላይ በቀይ ቀለም የተለየው የመጨረሻ አሃዝ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት አሥረኛ ክፍልፋይ ነው። እርሱ እንደ ሙሉ አሃዝ ከተነበበ ፍጆታው በ10 ይባዛል። በቅድመ ክፍያ ካርድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ደንበኞች የንባብ ስህተት አያሰጋቸውም፤ የፍጆታ መጨመርና የመስመር ብልሽት ግን በእነርሱም ዘንድ የተሞላው ካርድ ቶሎ በማለቁ ይታወቃል።

አቤቱታ በመጀመሪያ የሚቀርበው ለአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ሲሆን በነጻ የስልክ መስመር 905 ማስመዝገብም ይቻላል። የቃል ንግግር ዱካ ስለማይተው አቤቱታው በጽሑፍ ሆኖ ቀንና የመዝገብ ቁጥር እንዲኖረው ማድረግ ይገባል። የመክፈያ ጊዜው ካለፈ መስመሩ ሊቋረጥ ስለሚችልም ቅሬታው ከዚያ በፊት መቅረብ አለበት። በማዕከሉ ምላሽ ያልረካ ደንበኛ ጉዳዩን ወደ በላይ የአገልግሎቱ ጽሕፈት ቤቶች፣ ከዚያም ዘርፉን ወደሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሊወስድ ይችላል። የአስተዳደር በደል ተፈጽሟል ብሎ የሚያምን ደግሞ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመለክታል። በየደረጃው የሚጠየቁት ሰነዶች ያው ናቸው፤ የተከታታይ ወራት ሂሳቦች፣ የንባብ ፎቶግራፎች፣ የቆጣሪው ቁጥርና የመጀመሪያው አቤቱታ ቅጂ።