ከሉህ እስከ ስክሪን፦ የተማሪው መጽሐፍ ጉዞ

ዛሬ በየቤቱ በየምሽቱ የሚነሳ አንድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ የልጆቻችን የመማሪያ መጽሐፍ ነው።

ወደ ሐዋሳ በሄድንበት ወቅት በባህል አዳራሽ አካባቢ ሦስት ተማሪዎች በአንድ የእጅ ስልክ ላይ አጎንብሰው አገኘናቸው። ጨዋታ የያዙ መስሎን ነበር። ጠጋ ስንል ግን የሚያዩት የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው። አንደኛው ገጹን በጣቱ ይገፋል፤ ሁለተኛዋ በደብተሯ ትገለብጣለች፤ ሦስተኛው «ቆይ፣ አልጨረስኩም» ይላል። ባትሪው ሊያልቅ ስለሆነ ይቻኮላሉ። ስልኩ የማን እንደሆነ ስንጠይቅ ልጅቷ «የወንድሜ ነው፤ ማታ ይወስደዋል» አለችን። እዚያው አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ደግሞ «መጽሐፉ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲህ ልጄ ያጥና ይጫወት መለየት አቃተኝ። ልከልክለው ወይስ ልግዛለት?» ሲሉ ጠየቁን።

እንደሚታወቀው በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስፋት መተግበር ሲጀምር፣ የታተሙት መጻሕፍት በጊዜው ለሁሉም ስላልደረሱ ብዙ ተማሪዎች በፒዲኤፍ መልክ በቴሌግራም እያወረዱ ተምረዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀመረ። ስለሆነም የአባትየውን ጥያቄ በችኮላ «አዎ» ወይም «አይሆንም» ብለን አናልፈውም። ታሪክን ብንጠይቅ ይሻላል።

የጥንቱ ሰሌዳ

በወሎ፣ በሐረር፣ በጅማና በባሌ ቁርኣን ቤቶች ልጆች ፊደል የቆጠሩት ከእንጨት በተጠረበ ሉህ ላይ ነው። ቀለሙ ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ልጁ የዕለቱን ትምህርት ይጽፋል፣ ያነበንባል፣ በቃሉ ይይዛል። ከዚያም ሉሁ ይታጠብና ለነገ ይዘጋጃል። ወረቀት ውድ በነበረበት ዘመን አንድ እንጨት የስንቱን ገጽ ሥራ ሠርቷል! ይሁንና አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሉሁ የሚታጠበው ሸኹ ልጁን አዳምጠው፣ ስህተቱን አርመው «ይበቃል» ሲሉ ነው።

ከፍ ወዳለው ትምህርት የተሸጋገረው ደረሳም ሁኔታው ተመሳሳይ ነበር። ሸኽ ቡሽራ ባቀኑት በጌታ፣ ወይም በዳና ኪታብ ለመቅራት ስንቁን ይዞ የሚሄድ ደረሳ፣ የሚቀራውን ኪታብ ብዙ ጊዜ በገዛ እጁ ይገለብጥ ነበር። የገለበጠውንም በሸኹ ፊት እያነበበ ያርማል። መጽሐፉም ዕውቀቱም አብረው ይሠራሉ ማለት ነው። በሐረር ከተማ ዛሬም ተጠብቀው የሚገኙት የእጅ ጽሑፎችና የቆዳ ጥራዞች የዚያ ድካም ምስክሮች ናቸው።

ቀደም ብለን ብንሄድም የምናገኘው ይህንኑ ነው። ቅዱስ ቁርኣን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በቆዳ፣ በዘንባባ ዝንጣፊ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይና በአጥንት ላይ ተጽፎ ነበር። ከየማማ ጦርነት በኋላ ብዙ ሐፊዞች በመሰዋታቸው ኸሊፋ አቡበከር (ረ.ዐ.) እንዲሰበሰብ ሲያደርጉ፣ ኃላፊነቱን የተቀበሉት ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) የተጻፈውን በቃል ከተያዘው ጋር እያመሳከሩ ሠሩ። ኸሊፋ ዑስማንም (ረ.ዐ.) ቅጂዎቹን ወደየከተማው ሲልኩ የሚያስቀሩ ሰዎችን አብረው እንደላኩ ዑለማዎች ይገልጻሉ።

ማተሚያ ሲመጣ

የሕትመት መሣሪያም በመጣ ጊዜ በሙስሊሙ ዓለም ብዙ አነጋግሯል። በኢስታንቡል ኢብራሂም ሙተፈሪቃ በዐረብኛ ፊደል ለማተም የተፈቀደለት በ1727 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያውም ከሃይማኖት መጻሕፍት ውጭ ላሉት ብቻ ነበር። ካንዱ መሳሳት በሺህ ቅጂ መሳሳት ይሆናል የሚል ስጋት ነበር፤ ስጋቱም ከንቱ አልነበረም። ኋላ በ1924 እ.ኤ.አ. በካይሮ የታተመው ሙስሐፍ በመላው ዓለም የተሰራጨው የቂርአት ዑለማዎች ፊደል በፊደል ስለመረመሩት ነው። በሀገራችንም ከካይሮ የሚመጡ ኪታቦች በሐጃጆችና በነጋዴዎች በኩል ወደየመርከዙ ገቡ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ታተመ። ማተሚያው በእጅ የሚገለብጠውን ሰው ተካ። ሸኹን ግን አልተካም።

ፕላዝማ፣ ላፕቶፕ፣ ታብሌት

በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን መሣሪያ መምህሩን ቀድሞ የገባበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» ተሰቀለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። በየገጠሩ ያለ ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራውን ሙከራ ማየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ፕላዝማው «ገባችሁ ወይ?» ብሎ አይጠብቅም። ተማሪው ያልገባውን ቢጠይቅ አይመለስም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ።

በ2008 እ.ኤ.አ. «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ 5,000 ያህል ትናንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በአዲስ አበባና በገጠር ለሚገኙ ተማሪዎች ታደሉ። የመማሪያ መጻሕፍትም ተጫኑባቸው። አጥኚዎች በኋላ እንደጻፉት፣ ላፕቶፕ ያገኙ ልጆች ነገሮችን በማነጻጸርና በመመደብ ችሎታ መሻሻል አሳይተዋል። በአንጻሩ በክፍል ውስጥ በቂ ሥልጠና ያላገኙ መምህራን ልጆቹ ፎቶ ሲያነሱና ሲጫወቱ እያዩ ተቸገሩ፤ ዝጉት ያሉም ነበሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ ይኸው ድርጅት አንድ ለየት ያለ ሙከራ አደረገ። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ፣ ትምህርት ቤት ባልደረሰባቸው ሁለት መንደሮች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ለልጆች ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በሁለት ሳምንት ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደላትን በዜማ ይሉ ጀመር። የልጆቻችን አእምሮ ፈጣን መሆኑን ለሚጠራጠር ይህ በቂ መልስ ነው። ይሁንና ፊደል መዘመርና መጽሐፍ አንብቦ መረዳት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው።

ከጋና የተገኘ ትምህርት

ለማንበብ ብቻ የተሠራ መሣሪያም አለ፤ ኢ-ሪደር ይባላል። ስክሪኑ እንደ ወረቀት ዓይን አያስጨንቅም፤ አንድ ጊዜ ከተሞላ ለቀናት፣ አልፎም ለሳምንታት ያገለግላል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ይይዛል። ወርልድሪደር የተባለ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ኪንድል የተባለውን ኢ-ሪደር ወደ ጋና ትምህርት ቤቶች አስገባ። ከዚያ በፊት በቤታቸው አንድ መጽሐፍ ያልነበራቸው ልጆች በአንድ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ባለቤት ሆኑ፤ የንባብ ፍላጎታቸውም ጨመረ። ነገር ግን በመጀመሪያው ሰፊ ሙከራ ከአሥር መሣሪያ አራት ያህሉ ተሰበሩ። ወረቀት ቢቀደድ አንድ ገጽ ይጎድላል፤ ስክሪን ቢሰበር ግን መጻሕፍቱ በሙሉ ይሄዳሉ። ድርጅቱ ከዚህ ተምሮ ጠንካራ መያዣ ማዘጋጀትና መምህራንን በጥገና ጭምር ማሠልጠን ጀመረ።

የበለጸጉትም ሀገሮች ቢሆኑ ነገሩን ቆም ብለው እያዩት ነው። ስዊድን ትምህርት ቤቶቿን በኮምፒውተር ከሞላች በኋላ በ2023 እ.ኤ.አ. ለታተሙ መጻሕፍት ተጨማሪ በጀት መድባለች። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 54 ጥናቶችንና ከ170 ሺህ በላይ አንባቢዎችን ያጠቃለለ ምርምርም፣ ትምህርታዊ ጽሑፍን ከወረቀት ያነበቡት ከስክሪን ካነበቡት በመጠኑ የተሻለ እንደተረዱ፣ ልዩነቱም በጊዜ ገደብ ሲያነቡ እንደሚሰፋ አሳይቷል። እነዚያ በባህል አዳራሽ አካባቢ ያየናቸው ልጆች ባትሪው እንዳያልቅ እየተቻኮሉ እንደነበር ልብ በሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሰሌዳው እንደሚለዋወጥ ነው። አጥንት፣ ቆዳ፣ ሉህ፣ ወረቀት፣ አሁን ደግሞ ስክሪን። ዕውቀት ያረፈው ግን ተማሪውን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ባለበት ነው። ስለዚህ ለእኚያ አባት መልሳችን ይህ ነው፦ መሣሪያውን ከመከልከልዎ ወይም ከመግዛትዎ በፊት ማን ከልጁ ጋር እንደሚቀመጥ ይወስኑ።

ልጁ ያነበበውን ማታ በቃሉ ያስረዳችሁ። እናት ማንበብ ባትችልም ማዳመጥ ትችላለች። ልጇ ሲንተባተብና ሲያቋርጥ ታውቀዋለች። ሉሁ ከመታጠቡ በፊት ሸኹ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ምዕራፉን ካወረዱ በኋላ ኢንተርኔቱ ይዘጋ። ከባድ የሆኑት ምዕራፎች በወረቀት ይታተሙ፤ ጎረቤታሞች ገንዘብ ቢያዋጡ ወጪው ይቀላል። በየመስጂዱና በየመድረሳው የታተመ አንድ ሙሉ የመማሪያ መጽሐፍ ስብስብ ቢቀመጥ ስልክ የሌለው ልጅ ይጠቀምበታል። በአንድ ቤት ወንድምና እህት ካሉም ስልኩ በሰዓት ይከፈል። ማታ ስልኩ ሲወሰድባት መጽሐፏም አብሮ የሚወሰድባት ልጅ አትኑር።

መጽሐፍ የማዳረሱ ኃላፊነት የትምህርት ባለሥልጣናት መሆኑ አያጠያይቅም፤ ወላጆች በየትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊጠይቁ ይገባል። የማዳመጡ ኃላፊነት ግን የእኛው የቤተሰቦች ነው፤ ለዛሬ ማታም ይደርሳል።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሳቸው። አሚን።