ሃሪ ካላሃንና የማለዳው ጉዞ

በ1938 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሃሪ ካላሃን የተባለ ወጣት በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ አንድ ካሜራ ገዛ። ወጣቱ በኮሌጅ የጀመረውን የምህንድስና ትምህርት አቋርጦ በክራይስለር ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ስለነበር፣ ካሜራው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከመሆን ያለፈ አገልግሎት ይሰጠዋል ብሎ አላሰበም። ፎቶግራፍ ማንሳትንም በትምህርት ቤት አልተማረም።

ሕይወቱን የለወጠው የከተማው የፎቶግራፍ ማኅበር ነው። በ1941 ዓ.ም. በታላላቅ ተራሮች ሥዕሎቹ የታወቀው አንሰል አዳምስ ለማኅበሩ አባላት ትምህርት ሊሰጥ መጣ። ካላሃንን ይበልጥ የማረኩት በቅርብ ካለ መሬት የተነሱት ሥዕሎችና የኅትመታቸው ጥራት ነበሩ፤ ለካስ ጥሩ ሥዕል ፍለጋ ተራራ መውጣት ኖሯል የማያስፈልገው! ብዙ የአዳምስ አድናቂዎች የአዳምስን ሥዕል ደግመው ሲያነሱ ዘመናቸውን ፈጁ። ካላሃን ግን ከመምህሩ ጥንቃቄውን ወስዶ፣ ውሃ ውስጥ የቆመ ሸምበቆና በበረዶ ላይ እንደ ቀለም መስመር የሚታይ የሣር አገዳ ያነሳ ጀመር።

በ1946 ዓ.ም. ሞሆሊ ናጅ ባቋቋመው የቺካጎ ዲዛይን ኢንስቲትዩት መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ዲግሪ ያልነበረው ይህ ሰው የአሠራር ዘዴው የቤተ ሙከራ ሰው ዘዴ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ርዕሰ ጉዳዩን ሳይለውጥ አንዱን ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ይኸውም ባለቤቱን ኤሌነርን በቤት ውስጥ፣ በውሃ ውስጥ፣ በሰፊ ሜዳ መካከል እንደ ነጥብ አሳንሶ፣ ደግሞም በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ እያነሳ ከመልክዓ ምድር ጋር አደባልቆ ማሳየቱ ነው። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በቺካጎ ጎዳና በሐሳብ ተውጠው የሚያልፉ ሴቶችን ፊት በቅርበት አነሳ። አንዱ መንገድ ሲደክመው ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከዓመታት በኋላም ወደ ተወው ይመለሳል።

የዕለት ሥራው ግን አይለወጥም። በማለዳ ካሜራውን ይዞ በከተማው ይዞራል፣ ከሰዓት በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሙከራ ኅትመት ያወጣል። በዚህ ሁኔታ ወደ 100,000 የሚጠጋ ኔጌቲቭ ሲያከማች፣ በራሱ ግምት በዓመት የሚያጸድቃቸው የመጨረሻ ሥዕሎች ከግማሽ ደርዘን አይበልጡም ነበር። ስሌቱ በስድሳ ዓመት ሲታሰብ ለአንድ ሥዕል ከ270 በላይ ኔጌቲቭ ይደርሳል። በዚህ መጠን ምርቱን የሚጥል ፋብሪካ በወሩ ይዘጋል!

በ1961 ዓ.ም. ወደ ሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ተዛውሮ እስከ 1977 ዓ.ም. አስተማረ። ባለቀለም ፊልም ከ1940ዎቹ ጀምሮ ያነሳ እንጂ የኅትመቱ ዋጋ ከአቅሙ በላይ ስለነበር አብዛኛው በሣጥን ተቀምጦ ኖሯል። ጡረታ በወጣበት ዓመት፣ በ65 ዓመቱ ግድም፣ ስም ያተረፈበትን ጥቁርና ነጭ ሥራ ትቶ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀለም መለሰ። ገበያው የሚፈልገው የቀድሞውን እንደነበር አይጠረጠርም። በማግስቱ ዓመት በቬኒስ ቢየናሌ አገሩን ወከለ።

ካላሃን በ1999 ዓ.ም. በአትላንታ ሞተ። ኔጌቲቮቹ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የፎቶግራፍ ማዕከል ይገኛሉ፤ ያልመረጣቸውም ጭምር።