የከሰል ቆፋሪው እናት

እናቴን ከደሴ አምጥቼ ቤልጂየም፣ ሻርለሯ ውስጥ አብራኝ እንድትኖር ያስቻለኝ ሕግ ሲረቀቅ የሐበሻ እናት በማንም ሐሳብ አልነበረችም። የታሰበው የጣሊያን ከሰል ቆፋሪ ነበር። ይህን መጀመሪያ የነገረኝ ጠበቃ ሳይሆን አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አያቱ ከጣሊያን፣ ከአብሩዞ መጥተው፣ ጉድጓድ ውስጥ ሳንባቸውን በከሰል አቧራ የጨረሱ ሰው ነበሩ። የእናቴን ጉዳይ ሳጫውተው ሳቀና «የእኛ ቤት አሮጊትም እኮ በዚሁ ነው የገቡት፤ የአያቴ እናት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የነገሩን አመጣጥ ስከታተል ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚነሳው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። ቤልጂየም ከሰል ሞልቷት ቆፋሪ አጣች። የአገሩ ሰው ወደ ጉድጓድ መውረድ ጠልቷል፤ ሲያስቆፍሯቸው የነበሩት የጀርመን ምርኮኞችም ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ደርሷል። ጣሊያን በበኩሏ ሥራ አጥ ሞልቷት ከሰል ቸግሯታል። ጁን 23 ቀን 1946 ሮም ላይ ተፈራረሙ፦ ጣሊያን በሳምንት እስከ 2,000 እያለች 50,000 ሠራተኛ ልትልክ፣ ቤልጂየም ደግሞ ከሰል ልትሸጥላት። በየመንደሩ ግድግዳ ላይ ሮዝ ቀለም ያለው ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ጥሩ ደሞዝ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የቤተሰብ አበል፣ መኖሪያ ቤት ይላል። ከ35 ዓመት በታች የሆነ ጤነኛ ወንድ ሚላኖ ላይ በሐኪም ታይቶ ባቡር ይሳፈራል። ቤት የተባለው ሲደረስ ግን ብዙውን ጊዜ ምርኮኞቹ የለቀቁት የቆርቆሮ ሰፈር ነበር።

ጉድጓዱን አይቶ «አልወርድም» ያለ ውል አፍራሽ ተብሎ ብራሰልስ ውስጥ ፕቲ ሻቶ በሚባለው አሮጌ የጦር ሰፈር ይታሰርና ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። የብራሰልስ ሐበሻ ይህን ስም ያውቀዋል። ያው ግቢ በ1986 የስደተኞች መቀበያ ሆነ፤ ከእኛም ሰዎች ስንቱ የመጀመሪያውን ሌሊት ያደረው እዚያ ነው።

በ1946ቱ ስምምነት እናት አትታወቅም። የተፈለገው ክንድ ነው፤ ክንዱ የማን ልጅ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ክንዱ ግን አልረጋ አለ። አንዱ ውሉን ጨርሶ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ሌላው የተሻለ ሥራ ወዳለበት ይሄዳል። ኦገስት 8 ቀን 1956 ጠዋት፣ እኔ ከምኖርበት ብዙም በማይርቀው በማርሲኔል፣ ቧ ዱ ካዚዬ በሚባለው ማዕድን እሳት ተነሣ። 262 ሰው ሞተ፤ ከነዚያ 136ቱ ጣሊያኖች ነበሩ። ጣሊያን ወደ ቤልጂየም ማዕድን ሰው መላኳን አቆመች። ቤልጂየም ፊቷን ወደ ስፔንና ወደ ግሪክ፣ በ1964 ደግሞ ወደ ሞሮኮና ወደ ቱርክ አዞረች። በዚህ መሐል ሌላም ጭንቀት መጣ። ፈረንሳዊው የሥነ ሕዝብ ሊቅ አልፍሬድ ሶቪ በ1962 ባቀረበው ጥናት የቤልጂየሟ ዋሎኒያ እያረጀች መሆኗን አሳይቶ፣ መጤ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው እንዲመጡ መከረ። ከዚያ በኋላ ቤተሰብ ሠራተኛውን የሚያረጋ መልሕቅ ሆኖ ይታይ ጀመር።

የአውሮፓ ሕግም በዚያው መንገድ ሄደ። በ1957 ሮም ላይ የተፈረመው ውል ለስድስቱ አባል አገሮች ሠራተኞች ከአገር አገር ተዘዋውሮ የመሥራት መብት ሰጠ። በ1961 የወጣው የመጀመሪያው ደንብ ሚስትንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን አስገባ። በ1964ቱ በሠራተኛው እጅ የሚተዳደሩ ወላጆች ተጨመሩ። ኦክቶበር 15 ቀን 1968 የወጣው ቁጥር 1612/68 ደግሞ ነገሩን አጸናው። በወቅቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚሽነር የነበረው ጣሊያናዊው ሊዮኔሎ ሌቪ ሳንድሪ ነበር፤ ተጓዡ ሠራተኛ በብዛት የእሱ አገር ሰው ስለነበር ጣሊያን ለጉዳዩ መወትወቷ አያስገርምም። የደንቡ አንቀጽ 10 ሚስትን፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ወይም ጥገኛ የሆኑ ልጆችን፣ የሠራተኛውንና የትዳር ጓደኛውን ጥገኛ ወላጆች ይዘረዝራል። አስተናጋጁ አገር የሚጠይቀው፣ ሠራተኛው ለቤተሰቡ የሚበቃ፣ የአካባቢው ሠራተኛ የሚኖርበትን ዓይነት ቤት እንዲያዘጋጅ ነበር።

እዚያው አንቀጽ ውስጥ አንድ ሐረግ ገብታለች፦ የቤተሰቡ አባል ዜግነት ምንም ይሁን ምን። ያኔ ብዙም ያስጨነቀች አትመስልም፤ የጣሊያን ቆፋሪ እናት ያው ጣሊያናዊት ናት። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ግን ሕጉ ሁሉ ያለው እዚያች ውስጥ ነው።

የሐረጓ ስፋትና ጥበት የተለካው ሉክሰምበርግ ባለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ነው። በ1982 ሁለት የሱሪናም እናቶች ሆላንድ ካሉ የሆላንድ ዜጋ ልጆቻቸው ጋር ለመኖር ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ ልጆቹ ከአገራቸው ወጥተው ሌላ አባል አገር ስላልሠሩ የአውሮፓው ሕግ አይመለከታቸውም አለ። ይህ ብይን እስከ ዛሬ ይዞናል። በገዛ አገርህ ተቀምጠህ ስትሠራ እናትህ በአገርህ ሕግ ትዳኛለች፤ ድንበር ተሻግረህ ስትሠራ ግን በአውሮፓ ሕግ። በ1987 የሌቦን ጉዳይ በሚባለው ክስ ደግሞ ጥገኝነት ማለት በተግባር መደገፍ ነው፣ ሰውየው ለምን እርዳታ እንዳስፈለገው አይመረመርም ተባለ። በ2004 የወጣው መመሪያ ቁጥር 2004/38 የተበታተነውን ሁሉ ሰበሰበ፤ የቤተሰብ ቪዛ በነፃና በፍጥነት እንዲሰጥም አዘዘ። መመሪያው ተማሪን ከሠራተኛ ለይቶ ያያል፤ ተማሪ ሚስቱንና ልጆቹን እንጂ ወላጁን በመብት አያመጣም። ድሮም እናትየዋ የምትገባው በልጇ ሥራ ነበርና።

በጃንዋሪ 2007 የተወሰነው የጂያ ጉዳይ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ባለጉዳይዋ ቻይናዊት አሮጊት ናቸው፤ ስዊድን ውስጥ የምትሠራው ጀርመናዊት የልጃቸው ሚስት ናት። ፍርድ ቤቱ መመዘኛውን እንዲህ አስቀመጠው፦ ወላጁ በሚኖርበት አገር ሳለ ያለ ልጁ ድጋፍ መሠረታዊ ፍላጎቱን ማሟላት የማይችል መሆን አለበት። ማስረጃው አሳማኝ እስከሆነ ድረስ ምንም ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ «እኔ እጦራታለሁ» የሚል ቃል ብቻውን ግን ላይበቃ ይችላል።

እኔ የሆላንድ ዜግነት ያገኘሁት በስደተኝነት ገብቼ ነው። ሆላንድ ለአረጋውያን ወላጆች የነበራትን ልዩ ደንብ በ2012 ሰረዘችው። ስለዚህ ብዙ ሆላንዳውያን ቀድመውኝ ያደረጉትን አደረግሁ፤ ጠቅልዬ ቤልጂየም ገባሁ። ሆላንድ ውስጥ ይህን ጉዞ የቤልጂየም መንገድ ይሉታል። ሻርለሯ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ይፈለግ ነበር፤ ልክ ድሮ ቆፋሪ እንደሚፈለገው።

እናቴ የመጣችው ቪዛ አግኝታ ነው። ኮሚዩን የሚሉት ማዘጋጃ ቤት ሄደን አኔክስ 19ተር የሚባለውን ወረቀት አወጣን፤ የሰፈሩ ፖሊስ ቤት ድረስ መጥቶ መኖሯን አየ፤ ብርቱካናማው ጊዜያዊ ካርድ ተሰጣት፤ ከዚያ እስከ ስድስት ወር የሚፈጀው ምርመራ ቀጠለ። የሥራ ውሌ፣ የደሞዝ ወረቀቴ፣ የቤት ኪራይ ውሌ፣ ሙቱዌል የምንለው የጤና መድን ሁሉ ገባ። ዋናው ግን ከደሴ የሚመጣው ነበር።

የቀበሌው ጸሐፊ ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ የለመደው ደብዳቤ አለው፦ ምንም ገቢ የሌላቸው፣ ረዳት የሌላቸው። እናቴ ሲነበብላት ተቆጣች። «ቤት አለኝ፤ ሰርቪሷን አከራያለሁ። ልጄ እያለ ረዳት የላትም ተብዬ በማኅተም ልጻፍ?» አለች። ጸሐፊው ደንገጥ ብሎ «እማማ፣ ለልጅዎ ብለን ነው» አላት። «ለልጄ ብለህ እውነቱን ጻፍ» ብላ መለሰችው። እንዳለችው ተጻፈ፦ የኪራዩ ገንዘብ፣ የጡረታ አበል እንደሌላት፣ የቀረውን ልጇ እንደሚልክ። የጂያን ብይን ሳነብ እናቴ ያለ ጠበቃ ከመመዘኛው ላይ እንደደረሰች ገባኝ። ሕጉ ፍጹም ድህነት አይፈልግም፤ ያለው ለመኖር እንደማይበቃና ጉድለቱን ልጁ እንደሚሞላ ነው የሚያየው።

ጉድለቱን መሙላቴን የሚያሳየው ደረሰኝ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ገንዘብ በብዛት የሚሄደው በሰው እጅ ነው። ለልደት ወይም ለፋሲካ የሚገባ ሰው ፖስታውን ይይዛል፤ ስኳርና መድኃኒቱን ገዝቶ የሚያደርስ የአክስት ልጅ አይጠፋም። ልጅ እናቱን ሲጦር ፈርሚልኝ አይላትም። መርማሪው የሚያምነው ግን በስሜ ወጥቶ በስሟ የገባውን የባንክና የሐዋላ ወረቀት ነው። የእኔ የተቀመጠ ስለነበር ጉዳዩ አለፈ፤ ኤፍ ካርድ የሚሉት የአምስት ዓመት መታወቂያ ተሰጣት። ከእኔ የበለጠ ሲልኩ የኖሩ፣ አንድም ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ግን አውቃለሁ።

የበለጠ የሚገርመው ሌላ ነው። ብራሰልስ የሚኖር፣ የቤልጂየም ፓስፖርት የያዘ ሐበሻ ወዳጄ እናቱን እንደ እኔ ማምጣት አልቻለም። ቤልጂየም ቀድሞ ለዜጎቿም ይህን መብት ትሰጥ ነበር፤ በ2011 ባወጣችው ሕግ ግን ከአገር ወጥተው ሠርተው ያልተመለሱ ዜጎቿን ወላጅ የማምጣት መብት ነፈገች። እንግዳው ከባለቤቱ የተሻለ መብት አለው። የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰብም እንዲሁ ሆነ፤ አያቱ በጣሊያንነታቸው እናታቸውን አመጡ፣ ቤልጂየማዊ የሆነው የልጅ ልጅ ዛሬ የውጭ ዜጋ የሆነች ጥገኛ አማቱን ቢጠይቅ አይፈቀድለትም።

መብቱ እንደማይሞትም ዋስትና የለም። ብሪታንያ ከኅብረቱ ወጥታ የሽግግሩ ጊዜ በ2020 ማብቂያ ሲያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ሊሠራ ወደዚያ ለሚገባ የኅብረቱ ዜጋ በዚህ ሕግ ወላጅ የማምጣቱ በር ተዘጋ። በሌላ በኩል በዲሴምበር 2023 ፍርድ ቤቱ አየርላንድ ውስጥ ልጃቸውን ተጠግተው ለሚኖሩ ሮማኒያዊት እናት ፈረደላቸው። ታመው የአካል ጉዳት አበል ሲጠይቁ አየርላንድ «አበሉን ከወሰዱ የልጅዎ ጥገኛ መሆንዎ ይቀራል» ብላ ከልክላ ነበር። ፍርድ ቤቱ እናቲቱን ማገዝ ለሠራተኛዋ ልጅ የሚገባ ጥቅም ነው አለ።

ይህ አነጋገር በስድሳዎቹ የተጀመረው ነገር ቅጥያ ነው። እናት በራሷ ስም መብት የምታገኘው አምስት ዓመት ሳታቋርጥ ከኖረች በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የምትቆመው በልጇ ሥራ ላይ ነው። ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ በስማችሁ ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ቀበሌው እውነቱን ይጻፍ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ኮሚዩን ስትገቡ አንገታችሁን አትድፉ እላቸዋለሁ። ወላጅን ማምጣት ለቆፋሪው በችሮታ አልተሰጠውም፤ ክንዱን የፈለገ አገር የከፈለው ዋጋ ነው። የእኛንም ክንድ ፈልገውታል፤ ስለዚህ ዋጋውን መጠየቅ ልመና አይደለም።