የናፍጣ ፒክአፕ ሞተር ከመጠን በላይ ሲሞቅ፦ በአዋሽ–ሚሌ–ሰመራ መስመር ለሚጓዙ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች የተዘጋጀ መረጃ

ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያና በሰመራ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው ዋና መንገድ የተሽከርካሪን የማቀዝቀዣ ክፍል ከሚፈትኑ የአገራችን መስመሮች አንዱ ነው። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። በዚህ ስፍራ የሞተር መሞቅ ለንብረት ብቻ ሳይሆን ጥላ በሌለበት መንገድ ላይ ለሚቆሙ ተሳፋሪዎችም አደጋ ነው።

በደሴ ወይም በአዲስ አበባ እንከን ያልታየበት ፒክአፕ ሚሌ ሲደርስ ለምን ይሞቃል? ራዲያተር ሙቀትን የሚያስወግደው በውስጡ ባለው ፈሳሽና በውጭው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት መጠን ነው። ፈሳሹ 95 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ዲግሪ ይሆናል። አየሩ 43 ዲግሪ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ወደ 52 ዝቅ ይላል። ያው ራዲያተር በዚያው ፍጥነት አቅሙን በሲሶ ገደማ ያጣል ማለት ነው። በከፊል የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ፋን በደጋው አየር ተሸፍኖ ይቆይና ቆላ ሲወርድ ይጋለጣል። ስለሆነም በሚሌ የታየ ብልሽት ብዙውን ጊዜ ጉዞው ከመጀመሩ አስቀድሞ የነበረ ነው።

የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታ ከፍ ማለት ሲጀምር የአየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፤ የክፍል ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ፍጥነት ይቀንሱ። ማሞቂያውን መክፈት በዚያ ሙቀት የማይታሰብ ቢመስልም እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ሆኖ ያገለግላል። መርፌው ቀይ መስመር ከደረሰ ወይም እንፋሎት ከታየ ግን ከአስፋልቱ በደንብ ወጥተው ሞተሩን ያጥፉ። መስመሩ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚበዙበት በመሆኑ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ያስቀምጡ፤ ተሳፋሪዎችንም ከመንገዱ ያርቁ። መርፌው በቀይ ላይ ከቆየ በኋላ በድንገት ወደ ታች ቢወርድ ሞተሩ በረደ ብለው እንዳይዘናጉ፤ ውሃው አልቆ መለኪያው የሚነካው ፈሳሽ ሲያጣም እንዲሁ ይሆናል።

ትኩስ ራዲያተር ክዳኑ አይከፈትም። በውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ምክንያት ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ግፊቱ ስለሚለቀቅ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። ኮፈኑን ከፍተው ቢያንስ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በሚሌ ቀትር ከዚህም በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያም ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው በጥቂቱ በማዞር ግፊቱን ቀስ በቀስ ያስወጡ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። የመጠጥ ውሃ ለሰው ነው፤ ለራዲያተር የሚሆን ውሃ በተለየ ጀሪካን ይያዝ።

ምክንያቱን ለመለየት ዋናው ጥያቄ «መቼ ነው የሚሞቀው?» የሚለው ነው። ፒክአፑ በሚሌ ጉምሩክ መቆጣጠሪያ አካባቢ በሰልፍ ሲንቀሳቀስ እየሞቀ በክፍት መንገድ ላይ ሲፈጥን የሚበርድ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ፋኑ ያመራል። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ፋኑን በእጅ ያዙሩት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ብዙ ዙር ከዞረ ወይም ከተወዛወዘ ፋን ክላቹ ደክሟል። የፋኑ መከለያ ፕላስቲክ ወድቆ ከሆነም አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ ሳይሳብ ይቀራል። የላላ ቺንጋም እንዲሁ ይመርመር።

በተቃራኒው በከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ በፍጥነት ሲነዳ፣ ወይም ጭኖ ከሚሌ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ባቲ ሲወጣ የሚሞቅ ከሆነ፣ ችግሩ በአብዛኛው የራዲያተሩ መደፈን ነው። አቧራና ነፍሳት በአየር ማቀዝቀዣው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል ይጠራቀማሉ፤ ከፊት ሲታይ ንጹሕ የሚመስለው ራዲያተር ከኋላው ተዘግቶ ይገኛል። ሲታጠብ ውሃው ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት መሆን አለበት፤ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋል። የታችኛው ማኒኮቶ ለስልሶ ሞተሩ ሲፈጥን የሚጨማደድ ከሆነም የውሃው ዝውውር ይቋረጣል።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በመንገድ ዳር ጋራዦች የተለመደ መፍትሔ ነው። ይህ አሠራር አይመከርም። በበርካታ የናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ወደ ራዲያተር የማይሄደውን አቋራጭ መተላለፊያ አብሮ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከሌለ መተላለፊያው ክፍት ሆኖ ስለሚቀር የውሃው ከፊል ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ እንዲቀዘቅዝ የታሰበው ሞተር የባሰ ይሞቃል። የተጠረጠረ ቴርሞስታት በድስት ውሃ ውስጥ ተጥዶ በላዩ በተጻፈው ዲግሪ መከፈቱ ይታያል፤ ካልተከፈተ በአዲስ ይተካ።

በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ የከርሰ ምድር ውሃዎች ብዙዎቹ ጨዋማና ማዕድን የበዛባቸው ናቸው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቱቦዎችም ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ የሚፈቀድ ሲሆን፣ ጋራዥ እንደደረሱ ተደፍቶና ታጥቦ በተጣራ ውሃና በኩላንት ድብልቅ መተካት ይኖርበታል። በአምራቹ መመሪያ የተለየ ካልተገለጸ እኩል በእኩል መቀላቀል የተለመደ ነው። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም፤ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትንም ይከላከላል።

ፍሳሽ በማይታይበት ሁኔታ ውሃው በየቀኑ የሚጎድል፣ ሞተሩ ከቅዝቃዜ እንደተነሳ ማኒኮቶው ወዲያው የሚጠነክር፣ በራዲያተሩ አፍ አረፋ የሚወጣ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት መስሎ የነጣ ከሆነ የቴስታታው ጋስኬት ተቃጥሏል ተብሎ ይጠረጠራል። በዚህ ጊዜ ውሃ እየጨመሩ ጉዞ መቀጠል ሞተሩን እስከ መጨረሻው ያበላሻል፤ ተሽከርካሪው ተጎትቶ ወይም ተጭኖ ወደ ጋራዥ መወሰድ ይኖርበታል።

አሮጌ ኩላንት በሚቀየርበት ጊዜ በመሬት ላይ አይፍሰስ። ብዙዎቹ ኩላንቶች ኤትሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማና ጣፋጭ ንጥረ ነገር አላቸው። ውሃ ብርቅ በሆነበት የአርብቶ አደር አካባቢ በመንገድ ዳር የተጠራቀመ ኩላንት ፍየልን፣ ውሻን፣ ሕፃንንም ሊስብና ሊገድል ይችላል። ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ለጋራዡ ይመለስ።