ቆዳ ላይ የተጻፈ ክታብ

አንጀሊና ጆሊ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የምንቆጥረው) ግራ ትከሻዋ ላይ አምስት መስመር ጽሑፍ ተነቅሳ ብቅ ስትል፣ ብዙዎቻችን የታይላንድ ፋሽን ነው ብለን አለፍነው። ቆፈር ቆፈር ስናደርገው ግን ከፋሽኑ ጀርባ መነኩሴ አገኘን፤ ከመነኩሴው ጀርባ ደግሞ ገባር።

ታዮች ንቅሳቱን «ሳክ ያንት» ይሉታል። ሳክ መንቀስ ነው፤ ያንት ደግሞ እኛ ጠልሰም ከምንለው ብዙም አይርቅም። ፊደሉ የጥንት ክመር፣ ቋንቋው ባብዛኛው ፓሊ ነው። በወረቀት ፈንታ ቆዳ ላይ የተጻፈ ክታብ በሉት። ጥይት አያስገባም፣ ስለት አያስቆርጥም ስለሚባል ወታደርና ቦክሰኛ ይወዱታል። ከባንኮክ በስተምዕራብ ባለው ዋት ባንግ ፕራ ገዳም መነኮሳቱ በረጅም የብረት መርፌ እየወጉ ይነቅሳሉ። ስመ ጥሩው አበምኔት ሉዋንግ ፖ ፐን በ2002 ቢያርፉም ደቀ መዛሙርታቸው መርፌውን አላስቀመጡም። በየዓመቱ በማርች ተነቃሾቹ መምህራቸውን ለማክበር ሲሰበሰቡ፣ ነብር የተነቀሰው እንደ ነብር እያገሳ ይሮጣል፤ ሰዎች ይይዙትና ጆሮውን እያሹ ወደ ልቡ ይመልሱታል።

የሚገርመው፣ ጥንታዊው የቡድሃ ትምህርት መነኩሴ በክታብና በጥንቆላ እንዳይተዳደር ይነቅፋል። ነቃሾቹ ነገሩን ያስታረቁት በቅድመ ሁኔታ ነው፦ ንቅሳቱ የሚሠራው ተነቃሹ አምስቱን ትእዛዛት ከጠበቀ ብቻ ነው። አትግደል፣ አትስረቅ፣ አታመንዝር፣ አትዋሽ፣ አትስከር። (ብልህ ቅድመ ሁኔታ ናት! ጥይት የበሳው ሰው ሁሉ አንድ ኃጢአት አይታጣበትም።)

አሁን ወደ ገባሩ። ታይላንድ ሲያም በምትባልበት ዘመን ተራው ሰው «ፕራይ» ይባል ነበር፤ ለንጉሡ ወይም ለመኳንንቱ ጉልበቱን የሚገብር ማለት ነው። በ1767 በርማዎች ዋና ከተማዋን አዩታያን አቃጠሉ፤ ሕዝቡም ተበተነ። ወታደርና ጉልበት የቸገራቸው ንጉሥ ታክሲን በ1774 ፕራይ ወንድ ሁሉ እጁ አንጓ ላይ የአለቃውና የከተማው ስም እንዲነቀስ አዘዙ። መዝገብ ይቃጠላል፤ ቆዳ ግን ከሸሸው ሰው ጋር አብሮ ይሸሻል። እጅጌውን ሲሰበስብ የማን ሰው እንደሆነ ይነበባል። ከዚህ የጉልበት ግብር ነፃ ከነበሩት አንዱ መነኩሴው ነበር።

አንድ ገላ፣ ሁለት ጽሑፍ። የአንጓውን ተገዶ ይነቀሳል፣ የጀርባውን ለምኖ። አንዱ ጌታው ማን እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላው ማንም እንዳይደፍረው ይከለክላል። ለእኛ የሚመስለን (ግምታችን መሆኑን ያዙልን)፣ ያ ገባር መነኩሴው ፊት ጎንበስ ሲል ስለት ብቻ አልነበረም የሚፈራው።

ንጉሥ ቹላሎንግኮርን የግዴታ ጉልበትን ቀስ በቀስ አስቀሩት፤ በ1905 የወጣው የውትድርና ሕግም ቦታውን ወሰደ። የአንጓው ንቅሳት በዚያው ጠፋ፤ የጀርባው ግን ቀረ። መንግሥትም ቢሆን ዓይኑን ከቆዳ ላይ አላነሳም፤ በ2011 የባህል ሚኒስቴሩ ቱሪስቶች ቅዱስ ምስሎችን ለጌጥ እየተነቀሱ ነው ብሎ ንቅሳት ቤቶቹን እንዲቆጣጠሩ ለባለሥልጣናቱ መመሪያ ሰጠ።